ጡጫውን የጨበጠው ሚስተር ፔንዊክ መቼ ነው የሚመታው?

የሰሌዳው ወዳጆቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ!

ግን ነገ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። ከእኔ ካልሰማችሁት ከበርበሬ ተራ ትሰሙታላችሁ። እዚያ ደግሞ ወሬው ቀድሞ ደርሷል፦ «የአብዱ ልጅ ከአዲስ አበባ ጂን ያለበት መጽሐፍ ይዞ መጣ።»

መጽሐፉ ጂን የለበትም።

ካለም እኔ ላይ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ይመር እባላለሁ። ከዚሁ ትምህርት ቤት ስምንተኛን፣ ከደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አዲስ አበባ ኮሌጅ የገባሁ፣ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምቱ የመጣሁ ፍሬሽማን ነኝ። ዳይሬክተሩ «በየሳምንቱ ለታናናሾችህ የንባብ ምክር ጻፍላቸው» ስላሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰሌዳ ላይ «የእንግሊዝኛ ልቦለድ ያለ ፍርሃት እንዴት ይነበባል» የሚል ሁለት ገጽ በቆንጆ ጽሕፈት ለጥፌ ነበር።

እባካችሁ ቅደዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሰዓዳ ዘንድሮ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ዘጠነኛን ለመማር ደሴ፣ አክስታችን ቤት መሄድ አለባት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከከላላ «ልጅህን ለልጃችን» የሚሉ ሰዎች ሽማግሌ ሊልኩ ነው የሚል ወሬ መጣ። እናታችን ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ አባታችን እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን መወሰን አይሆንለትም።

እና እንደ ልማዱ ሸህ እንድሪስ ዘንድ ሄደ።

ሸህ እንድሪስ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ቁርአን እያስተማሩ ያስቀሩ፣ የእኔንም ጆሮ እየቆነጠጡ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉት፦

«ትምህርት የሚሉት ነገር ሰውን ምን እንደሚያደርገው በወንዱ ልጅህ እንየው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ከዚያ ከፈረንጅ መጽሐፉ በአማርኛ እየፈታ ያንብብልን። የሚረባ ነገር ከሆነ ልጅቱ ትሂድ።»

ገባችሁ? የእህቴ ደሴ በእኔ ምላስ ላይ ተንጠለጠለች!

እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ከኮሌጁ ላይብረሪ የተዋስኩት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልቦለድ ነበረኝ። ሚስተር ፔንዊክ ስለሚባል የገጠር ባለርስት የሚያወራ ነው። ሐሙስን ሙሉ ቀን ቻፕተር አንድን ቃል በቃል በዲክሽነሪ ፈታሁት፣ አማርኛውን ሸመደድኩት፣ ለላሟም ጭምር አነበብኩላት። ውሃ ነበር! ዝንፍ የምትል ቃል አልነበረችም።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ።

ሸህ እንድሪስ ተማሪ ደረሳቸውን ሲፈትኑ ከመጀመሪያው አስጀምረው አያውቁም። ስምንት ዓመት እሳቸው ዘንድ ቁርአን ቀርቼ ይህን እንዴት እረሳለሁ?

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሸሁ በበቅሏቸው መጡና መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉ። ቢስሚላህ ብለው መሐሉን ገለጡት። አንድም ፊደል የማያውቁበትን ገጽ በጣታቸው መታ አድርገው «ከዚህ» አሉ።

ቻፕተር ዘጠኝ!

ቻፕተር ዘጠኝን በሕልሜም አላየሁትም።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። መደቡ ላይ ሸሁ፣ አባቴና ጎረቤታችን ጋሽ ደምሌ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሌ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እኛ ቤት ደስታም ይሁን ጭንቀት ካለ ሳይጠሩ ይመጣሉ። በሽምግልና የታወቁ ስለሆኑ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ባለጉዳይ ይፈልጋሉ። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። የምትለቅመው ግን አንዱን ምስር ነው፤ ያንኑ መልሳ መላልሳ።

ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። እንግሊዞች ክፉ ልማድ አላቸው። ሁለት ቃል ይወስዱና በአንዲት ትንሽ ጭረት ጎን ለጎን ይጠምዷቸዋል፤ ከዚያ እንደ ጥማድ በሬ ሰው ላይ ይነዷቸዋል። የእኔ ዲክሽነሪ አንዱንም በሬ ያውቀዋል፣ ሌላውንም ያውቀዋል። ተጠምደው ግን አይቷቸው አያውቅም።

የመጀመሪያው ጥማድ «ታይት ፊስትድ» ይላል። ታይት ጥብቅ ነው። ፊስት ጡጫ ነው። ታዲያ ምን ችግር አለ?

«ሚስተር ፔንዊክ ጡጫውን አጥብቆ የጨበጠ ሰው ነበረ» አልኩ፣ ድምፄን ሞላ አድርጌ።

ጋሽ ደምሌ ወደ ፊት ሳብ አሉ። «ማንን ሊመታ ነው?»

«ይመጣል፣ ጋሽ ደምሌ።»

ሸሁ ቀና ብለው አዩኝ። «ይኸን ቃል ታውቀዋለህ ወይስ ገመትከው?»

«አውቀዋለሁ!»

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ሁሉ አፌን እያየ፣ የእህቴ ደሴ እንዲያ ተንጠልጥላ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሌክቸር ሰምቼ መጥቼ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «አላውቅም» ልበል?

ቀጠልኩ። ሁለተኛው ጥማድ «ኮልድ ብለድድ» ነው።

«ደሙም የቀዘቀዘ ነበረ።»

አባቴ ደነገጠ። «ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም አባ። ቁርስ እየበላ ነው።»

«በጨበጠው እጁ?»

ይህን አላሰብኩበትም።

«በሌላኛው» አልኩ።

«ደሙ ለቀዘቀዘ ሰው ፌጦ ነው» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ፌጦ ተፈጭቶ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ። በአገራቸው ፌጦ የለም?»

«መጽሐፉ ስለ ፌጦ አይልም፣ ጋሽ ደምሌ።»

«ይህን ያህል የወፈረ መጽሐፍ?»

ሦስተኛው ጥማድ መጣ፤ «ቲክ ስኪንድ»። ቆዳው ወፍራም። አልኩትም።



አሁን ከእኔ ጋር ሆናችሁ ሰውየውን ተመልከቱት። ጡጫውን ጨብጧል። ደሙ ቀዝቅዟል። ቆዳው እንደ ጉማሬ ወፍሯል። እንዲህም ሆኖ ቁርሱን ይበላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፈረስ ይጋልባል! እኔ በየመሐሉ ገጽ እገልጣለሁ፤ ጋሽ ደምሌ በየገጹ «መታው?» ይላሉ፤ እኔ «ገና ነው» እላለሁ።

«አጃኢብ!» አለ አባቴ። «ከአደም ልጅ ነው ይሄ?»

ሸሁ ጢማቸውን ዳበሱ። «ታውቀዋለህ ወይስ ገመትከው?»

«አውቀዋለሁ!»

ጋሽ ደምሌ «ጥጃዋን ዝናብ መታት» ብለው ብድግ አሉ። ጥጃዋ ጎጆ ውስጥ ነበረች። ከአጥሩ ባሻገር ለሚስታቸው ሲነግሩ በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ኧረ እነ አብዱ ቤት ጂን እየተነበበ ነው! ደም የለውም። ቆዳው ጥይት አይበሳውም። እስካሁን አልመታም፤ እጁን ግን ጨብጧል፣ ወላሂ!»

የገበያው ወሬ እንግዲህ ከዚህች አጥር ተነሣ።

ጋሽ ደምሌ ተመልሰው ሲቀመጡ አባቴ ወደ ሰዓዳ አያይም ነበር። ይኸን መልኩን አውቀዋለሁ። በሬ ሊሸጥ ወስኖ በሬውን ሲሸሽ ነው እንዲህ የሚሆነው።

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ከላላ።

ያን ጊዜ ነው ከበሩ ድምፅ የመጣው።

«ይመር፣ ሰውየው ግን ምን አደረገ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቃሉን ተወውና፣ ጡጫውን ጨበጠ ካልክ ወዲህ የሠራውን ንገረን።»

ምን ትሠራለች ይቺ ደግሞ! አልኩ። ሆኖም ወደ ኋላ ገለጥኩና ተመለከትኩ። ዳቦውን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል። ለገረዱ ግማሽ ሻማ ይሰጥና «ቶሎ አጥፊው» ይላታል። የተፈላ ሻይ ቅጠል ፀሐይ ላይ አድርቆ ደግሞ ያፈላል።

ሰዓዳ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ታዲያ ቋጣሪ ነው በለና!»



እኔ ገጹን አየሁ። ገጹም እኔን አየኝ።

«እጁ ለሰው የማይፈታ ማለት ነዋ» አለች። «የገባው የማይወጣበት።»

ጋሽ ደምሌ በሐዘን ጠየቁ። «እና... አይመታም?»

«አይመታም፣ ጋሽ ደምሌ።»

«አንተ ልጅ! ከቀትር ጀምሮ ይኸው ጥርሴን ነክሼ እየጠበቅኩ!»

«ደሙስ?» አለ አባቴ። አሁን ወደ ሰዓዳ ዞሯል።

«ደሙ ቀዘቀዘ ሲል ሰውየው ምን እያደረገ ነበር?» አለችኝ።

አነበብኩ። ቁርስ ላይ እንዳለ ገረዷ ገብታ «ጌታዬ፣ ጭሰኛዎ ቶማስ ዛሬ ሌሊት ሞተ» አለችው። እሱም «ቅቤውን አቀብይኝ፤ ሚስቱም እስከ ሰኞ ቤቱን ትልቀቅ» አላት።

«ወይኔ!» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ለካ ሰውየውን አውቀዋለሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። ስሙን ግን አልነገሩንም፤ እናንተም አትጠይቋቸው።

ወፍራሙ ቆዳ ደግሞ፣ መንደርተኛው በየመንገዱ ሲሰድበው ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ «ደህና ዋላችሁ» እያለ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ስድብ የማይገባው። ጉማሬ አይደለም!

እኔ ግን መሸነፍ አልወድም። «እንዲህማ ከሆነ ለምን ቋጣሪ ብለው አይጽፉም?» አልኳት። «የሰው አካል ምን አስጠራቸው?»

«እኛስ?» አለች። «አባ ሁልጊዜ ስለ ሸህ እንድሪስ ‹ሆደ ሰፊ ናቸው› ይል የለም? ለክቶ ነው?»

ሸህ እንድሪስን የምታውቋቸው ታውቃላችሁ። የእሳቸው ሆድ ያለበትን ለማግኘት ዲክሽነሪ ያስፈልጋል።

ሸሁ ቁልቁል ሆዳቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ሳቄን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሰፊነቱን እኔም ዛሬ ነው የሰማሁ!»

አሁን እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት?

ግን እኔ እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ፣ ያውም መጽሐፉን ሳታይ፣ ሦስት ጥማድ ፈታችብኝ። ኮሌጅ የገባሁት እኔ፣ ምስር ለቃሚዋ እሷ! አንድ፣ አንድ ብቻ በራሴ መፍታት አለብኝ፣ አልኩ።

ቀጣዩ ገጽ የቶማስ ቀብር ነው። ሚስቱ ማርታ መቃብሩ አፋፍ ቆማለች። ያገሩ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እሷ ግን፣ ይላል መጽሐፉ፣ «ድራይ አይድ» ነበረች።

ዘለልኩ! ድራይ ደረቅ ነው፤ አይ ዓይን ነው። ሰዓዳ እንዳለችው እኛም አለን እኮ! የራሳችን ነው! ምን መገመት ያስፈልጋል?

«ዓይነ ደረቅ!» አልኩ። ጣሪያው ጮኸ።

«ምን?» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ማርታ ዓይነ ደረቅ ሴት ነበረች። እፍረት የሌላት። ባሏ ሲቀበር ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ምንም!»

«ተው አንተ!» አሉ ጋሽ ደምሌ። «እኔማ ለእሷ ልከራከርላት ነበር።»

ሸሁ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ታውቀዋለህ ወይስ ገመትከው?»

«አውቀዋለሁ!»

«ወላሂ በል።»

ወዳጆቼ፣ ይህ የመዳኛ በር ነበር። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠባቂም የለበትም።

«ወላሂ» አልኩ።

ሰዓዳ በዝቅተኛ ድምፅ «ከዚያ ወዲያ ምን አደረገች?» አለች።

አነበብኩ። ድምፄ በየመስመሩ እያነሰ ሄደ። ማርታ ከቀብር ተመልሳ የባሏን ኮት ለበሰች። ሦስት ቀን እህል አልዋጥልሽ አላት። በአራተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል ከቤት ወጥታ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ ቆመች፤ ፊቷ እንደ ሰው ፊት እንዲረጥብላት።

ከዚህ በኋላ ማብራሪያ የሚያሻው ሰው አልነበረም። እንባ አልወጣት ብሎ ነው እንጂ!

ጋሽ ደምሌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

አባቴ ወደ በሩ፣ ወደ ዝናቡ እያየ ነበር።

«እናታችሁ ያረፈች ጊዜ እኔም አልወጣኝም» አለ። «ሰው አልቅሶ ሲጨርስ እኔን ነበር የሚያየው። ይችኑ ቃል ብለውኛል። ዓይነ ደረቅ።»

እኔ አልሰማሁም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልሰማሁም። ሰዓዳ ግን ቀና አላለችም፤ ሰምታ ነበር።

መደቡ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። የፈረንጅ ሴትዮ ስሳደብ አባቴን ሰደብኩት፤ ያውም በወላሂ!

ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይመር፣ እኔ የፈረንጅ ፊደል አላውቅም። ቃል እንዲጠፋህ ግን አውቅ ነበር፤ መጽሐፍ ሁሉ የማይፈታ ቃል አለው። የመጣሁት ቃሉ የጠፋህ ጊዜ የምትለውን ልሰማ ነው። ሊቃውንቱ ‹አላውቅም የዕውቀት እኩሌታ ነው› ይላሉ። አንተ ዓመቱን ሙሉ ሌላውን እኩሌታ ስታጠና ከርመሃል።»

«አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

«እኔን ሳይሆን አባትህን።»

የአባቴን ጉልበት ሳምኩ። እሱም ራሴን በመዳፉ መታ አደረገኝ፤ በተከፈተ መዳፍ፣ ጋሽ ደምሌን ቅር እያላቸው።

«ስለ ወላሂው ሦስት ቀን ትጾማለህ» አሉ ሸሁ። «ስለ ልጅቱ ደግሞ...»

ሰዓዳ ሰፌዱን መልሳ አንሥታ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ትምህርት ምን እንደሚያደርግ በወንዱ እንየው ብዬ ነበር፤ አየነው» አሉና ወደ እኔ በጨረፍታ ተመለከቱ፤ ምነው ባላዩኝ! «እሷ ግን ሳትሄድ እንዲህ ከሆነች ስትሄድ ምን ልትሆን ነው? እንግዲህ አብዱ፣ ወደ ደሴ ልቀቃት።»

«አንቱ ያሉት ይሁን» አለ አባቴ። ቀጥሎም ጨመረ፦ «ለከላላዎቹ ሴት ልጄ ደሴ ናት እላቸዋለሁ።»

ሰፌዱ ወደቀ። አሁን ምስር የምለቅመው እኔ ነኝ።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የንባብ ምክር ይኸው፤ ከእኔ ሳይሆን ከሰዓዳ ነው። የተጠመደ ቃል ሲገጥማችሁ በሬዎቹን ለያይታችሁ አትረዱ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ አንብቡ፤ ቋጣሪ ከሆነ ሻይ ቅጠሉን ሲያደርቅ ታገኙታላችሁ። የእኛን ቃል የሚመስል ስታገኙ ደግሞ ይበልጥ ፍሩ። ዲክሽነሪዬን ለደሴዋ ተማሪ ሰጥቻታለሁ። «ለምን ይሆነኛል?» ብላ ወስዳዋለች።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገር ምያለሁ። መማሉን ደግሞ ትቻለሁ።

ሸሁ ሊሄዱ ተነሡ። ዝናቡ አባርቷል። በሩ ላይ ቆሙና «ይመር፣ በቅሎዋን የት ነው ያሰርካት?» አሉ።

ሲመጡ ልጓሟን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ቻፕተር አንድን በልቤ እየደገምኩ ስለነበረ...

ሁሉም አዩኝ። አባቴ አየኝ። ሰዓዳ አየችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የተማርኩትን በተግባር የማሳይበት ሰዓት ይኸው መጣ! ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳልገምት፣ ሳልምል፣ እንዲህ አልኩ፦

«አላውቅም!»

ያመሰገነኝ ሰው የለም።

በቅሎዋ በጋሽ ደምሌ የባቄላ ማሳ ውስጥ ስትበላ ተገኘች። ጋሽ ደምሌም ባቄላቸውን ሲያዩ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረውን ነገር በመጨረሻ አገኙት፤ ጡጫቸውን ጨበጡ። እኔም ለአንድ ጊዜ ያህል ትርጉሙ አልጠፋኝም፤ ሮጥኩ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። «አላውቅም» የዕውቀት እኩሌታ ከሆነ፣ ዛሬ አመሻሹ ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ በአንድ እጁ ልጓም በሌላው እግሩን የተሰናበተ ጫማ ይዞ፣ ከባቄላ ውስጥ ሲወጣ ያያችሁትን ሰው ምን ብላችሁ መጥራት ነበረባችሁ? ሊቅ አይባልም?